ከወፍጮ ቤቱ ወገን የመጡ ሽማግሌዎች

የካቲት 9፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄዱ። ከትናንት ጀምሬ ቤት ሳጸዳ ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሦስት ሆነው መጡ። ተናጋሪያቸው አቶ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ነገር ማሳመር የሚችሉ ሰው። ወጉን ጠብቀው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ባለቤቴ ሞላልኝም ወጉን ጠብቆ ለመናቸው፤ ተቀመጡ። ልጃችንን ሶልያናን ለፊልሞን እንድንሰጥ ጠየቁ። የሞላልኝ ፊት በርቶ ነበር። ፊልሞንን ይወደዋል፤ ባለፈው ገና አብረው የጓሮውን አጥር ሲጠግኑ ነው የዋሉት።

ከዚያ የልጁን ወገን ማስተዋወቅ ጀመሩ። አባቱ በሕይወት የሉም። እናቱ ወይዘሮ ለተሚካኤል ከእሱ ጋር ዋይሊ የምትባል ከተማ ይኖራሉ። ትውልዳቸው አገር ቤት፣ ሰሜን ነው አሉና የተወለዱባትን ከተማ ስም ጠሩ። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሞላልኝ፣ መሃል ከተማውን ነው ወይስ ዙሪያውን ብሎ ጠየቀ።

«መሃል ከተማውን እንጂ፣ ሻለቃ» አሉት አቶ ወልደ ሥላሴ ደስ ብሏቸው። «አባታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የከተማው ወፍጮ ቤት የእሳቸው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሞላልኝ ከዘመድ እንምከር፣ ቀጠሮ እንስጥ አለ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን የሰጣቸው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግም ትንሣኤ ነው። እኔ ጾሙ ሳይገባ የምንጨርሰው መስሎኝ ነበር። ምን እንደነካው አላውቅም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሞላልኝ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተር ሳያስነሳ። ምሳ ቀርቧል ስለው መጣሁ ይላል፤ አይመጣም። ሽሮው በረደ። እኔም ተውኩት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሶልያና አዳሯን ሠርታ ከሆስፒታል በቀጥታ መጣች። አርሊንግተን ነው የምትሠራው፤ አፓርታማዋም እዚያው ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋደመችና «ሶ፣ ማሚ፣ ኖ ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም፣ ወጉ ነው አልኳት። ሴት ልጅ በአንድ ቀን ልመና አትሰጥም፤ አባትሽ ሲያስከብርሽ ነው። ሳቀች። በእሷ ቤት ፊልሞን ከጠየቃትና እሺ ካለችው ቆይቷል፤ የቀረው ለእኛ ደስታ የሚደረግ ድራማ ነው። እንደዚያ አስባ ትጠብቅ፤ ለጊዜው ይሻላል።

ሄዳ ስታበቃ ሞላልኝን ሳየው አንጀቴን በላኝ። ይህ ሰው በንጉሡ ጊዜ ቋንቋ ሊማር ሳን አንቶኒዮ ሲመጣ ጢሙ ገና አልወጣም ነበር። አብራሪ ሆኖ ተመለሰ። ዘመን ሲለወጥ ሶቭየት ተልኮ ሚግ ጄት ማብረር ተማረ፤ ጦርነቱ ሲከፋ አሥመራ ተመደብን። መንግሥት ሲወድቅ ታሰረ፤ ሶልያናን የወለድኳት እሱ እስር ቤት እያለ ነው። ሲፈታ በኬንያ አድርገን በስደት ወደዚሁ አገር መጣን። እዚህ እስከ ጡረታው ድረስ የኤርፖርት ሹፌር ነበር፤ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል ያመላልስ ነበር። ሰው ይህ ሥራ ላንተ አይገባም ሲለው ይቆጣ ነበር። ሰዎቼን በሰላም አድርሼ እመለሳለሁ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ይል ነበር።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ከበሩ ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ሻለቃው የልጁን ዘር እየቆጠረ ነው አለች አንደኛዋ። ሌላዋ፣ ድሮስ ከደርግ ወታደር ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት። ከዚያ ስለ ዕንቁላል ዋጋ ቀጠሉ።

መኪና ውስጥ ለሞላልኝ ነገርኩት። እንዲናደድ ነበር የፈለግኩት። እሱ ዘር ቆጥሮ አያውቅም፤ የሰውን የአባት ስም እንኳ የማይጠይቅ ሰው ነው።

«ተዪያቸው» አለኝ። «እንደዚያ ቢያስቡ ይሻላል።»

ከምን ይሻላል? አልጠየቅኩትም። ሬዲዮውን ከፈትኩ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

የፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ ረቡዕ ነው፤ ከተማው የአውሎ ነፋስ ሳይረኑን የሚሞክርበት ቀን። እየመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሲጮህ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ሞላልኝ መስኮቱ ጋ ቆሞ እስኪያበቃ አዳመጠ። ሲያበቃ፣ ለእኔም ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «እነሱ ሳይረን አልነበራቸውም» አለ።

ምን አልክ? አልኩት። ምንም አለኝ። ድንቼን ላጥኩ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ወይዘሮ ለተሚካኤል ናቸው።

ወጉ ይህን አይፈቅድም። ነገሩ በሽማግሌ እጅ እያለ ሁለቱ ወገኖች አይነጋገሩም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ይቅርታ እየጠየቁ ነው የጀመሩት። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። ስለ ሶልያና ብዙ አመሰገኑኝ፤ ቤታቸው ስትሄድ ዕቃ ካላጠብኩ ብላ እንደምታስቸግራቸው ነገሩኝ። እኔ ቤት አጥባ አታውቅም። ከዚያ ጨዋታውን ትተው፣

«እህቴ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አሉኝ።

ምንም፣ ጾም ስለሆነ ነው፣ ዳግም ትንሣኤ ያልቃል አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ። መረቁኝ፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ ሁሉንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ለሞላልኝ አልነገርኩትም። ለምን ላስጨንቀው?

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ። ሶልያና መጣች፣ በላች፣ ሄደች። አባቷን ሳመችው። ስለ ቀጠሮው አንድም ቃል አልተነገረም። ዶሮው ጨው በዛበት፤ ሁለቱም ጣፋጭ ነው አሉ።

ሚያዝያ 19፣ ዳግም ትንሣኤ

ሌላ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ጠላ አስመጥቼ፣ ዘመድ ጠርቼ፣ እልልታዬን ጉሮሮዬ ላይ ይዤ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጠየቁ። ሞላልኝ ወለሉን እያየ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አለ። አቶ ወልደ ሥላሴ እንደ አዋቂነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምክንያቱን ብናውቅ አሉ። ምክንያት የለኝም አላቸው። ከዚህ የባሰ መልስ የለም። ኮታቸውን አንሥተው ወጡ፤ ምግቡን አልነኩትም።

ማታ ሶልያና መጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አባቷ ፊት ቆመች።

«ዳዲ፣ የፊልሞን ማም ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዛ ነበር የምትጠብቀው። ማለቴ፣ ትግሬ ስለሆነ ነው? ጀስት ንገረኝ።»

ዝም አለ።

«አየሽ ማሚ? ዲናይ እንኳ አያደርግም። ኦኬ። ዘረኛ ነህ በቃ። እኛ ኮርትሃውስ ሄደን እንፈራረማለን። አንተ እንዳትመጣ።»

አንድ ልጃችን ናት፤ ስሟን ያወጣላት ከእስር ቤት በላከው ብጣሽ ወረቀት ነው፤ እንዳትመጣ ስትለው ዝም አለ። መኪናዋ ከግቢው ወጣች።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። ልጻፈው።

ምን እንደነካው አላውቅም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አቶ ወልደ ሥላሴ ወፍጮ ቤት ሲሉ ወዲያው ገብቶኛል። ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኔና ሞላልኝ። ለእኔ ለራሴ ደብተር ነው የዋሸሁት።

አሥመራ ያኔ የምንኖረው ከአየር ምድቡ ግቢ ውስጥ ነበር። ሲነሡ እሰማለሁ፤ ሲመለሱ እሰማለሁ፤ የመመለሻው ድምፅ ሲመጣ ወጥ እጥዳለሁ። አብራሪ ያገባች ሴት ሰዓቷ እሱ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አልገባ አለኝ። የነዳጅ ማከማቻ ነው ተብሎ የተሰጠው ዒላማ ወፍጮ ቤት ነበር። በርሜሎቹ የወፍጮው ናፍጣ ናቸው። ገበያ ቀን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ እህሉን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ይህን ከምድር ጦር የመጣው ሬዲዮ ነው የነገራቸው። ዒላማው ተመትቷል ተብሎ አለቃው እጁን ጨብጦታል።

እኔ ምን አልኩት? ትእዛዝ ነው፣ ና ብላ አልኩት። ወጡ እንዳይበርድ። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በሕይወት በመመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱ እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲታሰር ስለ አለቆቹ ብዙ ጠይቀውታል። ስለዚያች ከተማ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። እኔም ጭምር።

አሁን የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ደውላ ምን አጥፍተን ነው ትለኛለች።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ለተሚካኤል ደውለውልኝ እንደነበር ለሞላልኝ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ዋይሊ እሄዳለሁ አለ።

አይሆንም አልኩት። የሴት ልጅ አባት መልስ ሳይሰጥ ወደ ወንዱ ቤት አይሄድም፤ ተሰምቶ አይታወቅም። በሽማግሌ ላክ አልኩት። በሽማግሌ ከላክሁ ሴትዮዋ ሳትሰማ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ይህ የሷ ነው፣ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን አናደደኝ። ሶልያና ብታውቅስ? አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሏል። ዘረኛ ነው ብላ ብትኖር ይሻላል፣ አንድ ቀን ይበርድላታል፣ ይህ ግን አይበርድላትም አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ለካ ቀጠሮው እንዲጓተት የፈለግኩት እኔም ነኝ።

«ልጅቷ ታገባለች፣ ሮማነ» አለኝ። «እኔ እሺ ሳልል የቆየሁት፣ የልጁ እናት ያላወቀችውን ነገር እያወቅኩ ልጇን መቀበል ስርቆት ስለሆነብኝ ነው።»

እንግዲያው የወንዙንም ንገራት አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲላክ ቦምቡን ደረቅ ወንዝ ላይ ጥሎ እየተመለሰ፣ በመጨረሻ ተጠርጥሮ ከበረራ የታገደበትን። ነፍሱን አስይዞ ያደረገው ነው።

ራሱን ነቀነቀ። «እሱን አትንገሪያት። ዋጋ የማስቀንስ ይመስላል።»

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ዋይሊ ሄድን። ፊልሞን ሥራ ላይ መሆኑን አስቀድሜ ከሶልያና አጣርቻለሁ። እናቱ ስደውልላቸው የእሺታውን ቃል ይዘን የምንመጣ መስሏቸው ነበር። በር ላይ እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። ሞላልኝን እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። አዲስ ቤት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አዲስ፤ ዛፎቹ ገና በእንጨት ተደግፈው ነው የቆሙት።

ሞላልኝ ገና ከመቀመጡ ተናገረ። ያሰብኩት ያህል አልረዘመም። የአየር ኃይል አብራሪ ነበርኩ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያች ከተማ ወፍጮ ቤቱን የመታሁት እኔ ነኝ አለ። በሌላ ሰው አላላከከም፤ ታዘዝኩም አላለም።

ወይዘሮ ለተሚካኤል ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ማጠፍ ጀመሩ። አጥፈው ጨረሱ፤ ፈትተው እንደገና አጠፉ።

«አባቴና ታናሽ ወንድሜ ውስጥ ነበሩ» አሉ። «ወንድሜ ማሽኑን ነበር የሚያስነሣው።» ከዚያ ነጠላውን ትተው ቀና አሉና፣ «ከላይ ሰው ይታያል?» ብለው ጠየቁት።

አይታይም እንዲል ጸለይኩ። አዎ፣ ጸለይኩ።

«ሰልፉ ይታይ ነበር» አላቸው ሞላልኝ። «ወታደር መሰለኝ ብልዎ ውሸት ነው። ምን እንደሆነ አላሰብኩም።»

የወንዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። ምላሴን ነከስኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም።

ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። የቧንቧ ውሃ ድምፅ ለብዙ ጊዜ ሰማን። ሲመለሱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ለእኔ ሰጡኝ። ለእሱ አላመጡም። ግማሹን ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ ሲያዩኝ አልደፈርኩም። እሱም ወደ ብርጭቆው አላየም።

አሁን ሂዱ፣ እኔ እደውላለሁ አሉን። እስከ በሩ ሸኙን፤ ሰው ስለሆኑ ነው።

ስንመለስ፣ ዩለስ ከተማ ጋ፣ ሞላልኝ ውሃ ጠማኝ አለ።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ምንም የለም። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ይዤ እገባለሁ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ደወሉ። እንደዚህ ነው ያሉት፤ ቃል በቃል ልጻፈው።

«ልጆቹ ይጋቡ። ሽማግሌዎቹን ተመልሰው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ እሑድ ይመጣሉ። ለፊልሞን ጊዜው ሲሆን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ እናንተ እንዳትነግሩት፤ ለሶልያናም። እኔ ከባለቤትዎ ጋር ጠብ የለኝም፤ ለጠብም ዕድሜ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ በሳቸው ጉልበት ላይ አይወድቅም። ስሙ የአባቴ ስም ነው። ጉልበታቸውን አይስምም፤ እሑድም፣ በሠርጉም፣ በዓመት በዓልም።»

እንዴት ይሆናል አልኳቸው፤ እሺ የተባለ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው የአማቾቹን ጉልበት መሳም ነው፣ ሰው ሁሉ ፊት። እሱን እናንተ እወቁበት አሉኝ።

ለሞላልኝ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። «ልክ ናት» አለ። ከዚያ ወጥቶ ቲማቲሙን ውሃ አጠጣ።

እኔ ነኝ የተናደድኩት። ሲስም ምን ይጎድልባታል ብዬ፣ ወዲያው ደግሞ ያጠፈችው ነጠላ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አንድ ሰው ላይ እንዴት ሁለቱም ይመጣል?

ግንቦት 3፣ እሑድ

አለቀ። ሰውነቴ ዝሏል፤ ጣቶቼ ሽንኩርት ይሸታሉ።

አቶ ወልደ ሥላሴ ያለፈው ቅሬታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ነበር። ሞላልኝ ሳይጠየቅ ይቅርታ ጠየቃቸውና፣ ልጃችንን ሰጥተናል አለ። እልል አልኩ፤ ጉሮሮዬ ላይ የቆየችው እልልታ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ ብዬ የጠራኋት ሶልያና እልልታውን ከጓዳ ሰምታ እየሮጠች መጣች። አባቷን አላየችውም፤ ገና አልበረደላትም።

ፊልሞን ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር። እዚህ አገር እንደዚያ ሆኗል፤ እሺ ሲባል ይደወልለትና ይገባል። አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ላብ አጥምቆት ገባ። መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ምን ብዬ እንደመረቅኩት አላስታውስም፤ ዓይኔ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ነበር።

ልጁ ፊቱን ወደ ሞላልኝ ሲያዞር ሞላልኝ ተነሥቷል። ቀጥ ብሎ፣ በድሮው አቋቋሙ። ፊልሞን ጎንበስ ሊል ሲል ሁለት ትከሻውን ይዞ አስቆመው። ልጁ እንደገና ሞከረ፤ አልለቀቀውም። እንደዚያ ፊት ለፊት ቆመው ቆዩ። ከዚያ ለቀቀው፤ ልጁ እስኪቀመጥም ቆሞ ጠበቀ።

አቶ ወልደ ሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስንት ቤት ለሽምግልና ገብቻለሁ፣ አማት ለአማቹ ሲነሣ፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ማዕረግ፣ ዛሬ ገና አየሁ አሉ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ዘር ቆጠረ ያለችው ሴትዮ የተቀዳውን ቪዲዮ ላኩልኝ ብላለች፤ ለሰው ልታሳይ።

ሶልያና ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባችና ሳህን እንደያዝኩ አቀፈችኝ። አሁን አለቀሰች።

«ማሚ፣ ዘረኛ ብዬዋለሁ። ዳዲን። እሱ ግን ቆመለት። ለፊልሞን ቆመለት። ያ ሪስፔክት ነው፣ አይደል? ትልቅ ሪስፔክት ነው?»

«አዎ» አልኳት። «አክብሮት ነው።»

ቀና ስል ሞላልኝ በሩ ላይ ነበር። ሰምቶናል። ሶልያና ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፤ ሕፃን ሳለች እንደሚያደርጋት። በትከሻዋ በላይ አየኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ ቆይቷል። ወንበሮቹን መልሻለሁ፣ ዕቃው ታጥቧል። ሞላልኝ ሳሎን ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ተቀመጥ አልኩት፤ እሺ አለኝ። እንደቆመ ነው።